የጀሪካን አበቦች፦ የድሬ ግቢ የሥራ ማስታወሻ

የካቲት መጨረሻ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በኪራይ ቤት ነው። ግቢው ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ፈሶበታል። አንድ ጭብጥ አፈር አይገኝበትም። ስለዚህ አበባ ካማረኝ ዕቃ ውስጥ መትከል ነው። እሱም ጥሩ ጎን አለው፤ ነገ ቤት ብቀይር አበባዬን በጋሪ ጭኜ እሄዳለሁ።

የሸክላ መትከያ እየገዛሁ ግቢ መሙላት ግን አልፈለግሁም። ዋጋው ይከብዳል። ደግሞ ድሬ መቼ ባዶ ዕቃ ቸግሯት ያውቃል? ዘይቱ በጀሪካን ነው። የዱቄት ወተቱ በትልልቅ ጣሳ ነው። ቀለም ቀቢም ሥራውን ሲጨርስ ባልዲውን ጥሎት ይሄዳል። ይህ ሁሉ ቆራሌው እስኪመጣ ድረስ በየጓሮው ተከምሮ ይከርማል። ከጎረቤት ጎረቤት እየዞርኩ ስለምን እምቢ ያለኝ ሰው የለም። አሁን ግድግዳ ሥር ቢጫ የሃያ ሊትር ጀሪካኖች፣ የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካኖች፣ ዳሩ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሳፋ፣ የወተት ጣሳዎች፣ ጆሮው የተነቀለ ብረት ድስት፣ የቀለም ባልዲዎችና አፉ የተሸረፈ ገንቦ ተደርድረዋል። ገንቦውን የሰጡኝ አከራያችን እማማ ናቸው። «ፍሪጅ ሳይኖረን ውሃ ያቀዘቀዝንበት ነው፤ እንዳትጥዪው» ብለው አስረከቡኝ።

ያገኘሁትን ሁሉ ግን አልወሰድኩም። ፀረ ተባይ የነበረበት ዕቃ የቱንም ያህል ቢታጠብ ግቢ አይገባም። የሞተር ዘይት ጀሪካንም እንደዚያው። የቀለም ባልዲ ለአበባ ብቻ ይሆናል። ናና፣ በሶብላና ጤና አዳም ሻይ፣ ቡናና ወጥ ውስጥ ስለሚገቡ የምግብ ዕቃ በነበረ ነገር ላይ ብቻ ነው የሚተከሉት። ጎማ ደግሞ ከነጭራሹ አልፈለግሁም። የዚህ ምክንያት ረዘም ይላል።

በድሬ የዕቃ ላይ ተክል ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚያስበው የውሃ እጥረትን ነው። እውነት ነው፤ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። እኔን ግን ከእጥረቱ እኩል የሚያሳስበኝ የቆመ ውሃ ነው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በአገራችን የመጀመሪያው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ የተመዘገበው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ገባ። መገጣጠሚያ እየያዘ ቤተሰቡን በሙሉ ያስተኛ እንደነበር የድሬ ሰው ያስታውሰዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ ኢጂፕታይ የምትባል ትንኝ ናት። ይቺ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም፤ የምትወደው ሰው ቤት ነው። በርሜል፣ ባልዲ፣ ጣሳ፣ የአበባ ዕቃ ሥር የተቀመጠ ሳህን ይበቃታል። ጎማ ደግሞ እንዴትም ቢያጋድሉት ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቀራል።

ስለዚህ ሥራውን የምጀምረው በአንድ ሕግ ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ክፍቱን ውሃ የሚቋጥር ዕቃ አይኖርም። ወይ ያሳልፋል፣ ወይ ይከደናል፣ ወይ ለቆራሌው ይሰጣል።

መጋቢት መጀመሪያ፦ ቀዳዳ

ዛሬ ሥራው ሁሉ ቀዳዳ ነበር። ከሰል አቀጣጠልኩ። ትልቅ ሚስማር በፒንሳ ይዤ ፍሙ ውስጥ ከተትኩት። ጫፉ ሲቀላ የጀሪካኑን ቂጥ ነካ ማድረግ ነው። በቀዝቃዛ ሚስማር ቢመቱት የሚሰነጠቀው ፕላስቲክ በጋለው ግን ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ሚስማሩ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ይቀራል፤ ዙሪያውን የቀለጠው ፕላስቲክ ተነስቶ ትንሽ ከንፈር ያበጃል። ያቺ ከንፈር በውስጥ በኩል ከቀረች ውሃ ታቆማለች። ስለዚህ ሲበርድ በምላጭ ላጭቼ አወጣኋት። ጭሱ መጥፎ ነው። ደጅ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ነው የሚሠራው፤ ልጆችም ራቅ ማለት አለባቸው።

ለሃያ ሊትሩ ጀሪካን ስድስት ሰባት ቀዳዳ አደረግሁለት፤ ስፋቱ ትንሽ ጣት የሚያስገባ ነው። ሁለቱን ጎኑ ላይ፣ ከታች አንድ ጣት ከፍ አድርጌ በሳኋቸው። ሲሚንቶ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ የቂጡ ቀዳዳ በወለሉ ይደፈናል፤ የጎኑ ያን ጊዜ ነው የሚያድነው። ለጣሳው የጋለ ሚስማር አያስፈልግም። አሸዋ ላይ ደፍቶ በመዶሻ መምታት ነው።

ጀሪካን ለመቁረጥ ሴጌቶ የሚያህል የለም። ቢላዋ ያንሸራትታል፣ እጅ ይቆርጣል። አንዳንዶቹን አንገታቸውን ብቻ ቆርጬ አቆምኳቸው፤ ሥራቸው ጠልቆ ለሚሄድ ናቸው። ሌሎቹን በጎናቸው አስተኝቼ አንዱን ፊታቸውን ከፈትኩት፤ ረጅም ገንዳ ወጣቸው። ትንንሾቹን የዘይት ጀሪካኖች ከነእጀታቸው ተውኳቸው፤ በሽቦ ይንጠለጠላሉ።

ሥሩ ላይ ጠጠር መደልደል የሚባለውን ልማድ አልተከተልኩም። ብዙ ሰው ጠጠሩ ውሃ ያወርዳል ይላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር የሚወርደው ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ ሲያበቃ ነው። ስለዚህ ረግረጉ አይጠፋም፤ ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ። ጠጠሩ የአፈሩን ቦታም ይሻማል። በቀዳዳው ላይ የአሮጌ ሻሽ ቁራጭ ጣል ማድረግ ይበቃል። አፈሩን ይይዛል፣ ውሃውን ይለቃል።

መጋቢት አጋማሽ፦ አፈር

አፈሩን ከችግኝ ሻጮች በጆንያ ገዛሁ። አሸዋውን ከጋሪ። የጋሪው አሸዋ ከተማችንን ከሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ የ1998ቱን የሐምሌ መጨረሻ የሌሊት ጎርፍ የሚያውቅ ሰው ግን ደረቅ ነው ብሎ አይዘናጋበትም።

አሸዋውን ሳጥብ ጥቂት በሳህን አስቀርቼ ሎሚ ጨመቅሁበት። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ፍሽሽ ይላል። ትንንሽ አረፋም ይነሳበታል። ኖራ አለበት ማለት ነው። የሚገርም አይደለም። በዙሪያችን ያለው አለት የኖራ ድንጋይ የበዛበት ነው፤ ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን የሚፈጩትም እሱኑ ነው። ከከርሰ ምድር የምንጠጣው ውሃም በእሱ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው። ማንቆርቆሪያችን ሆድ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚያ ነው። ይህን እዚህ ጻፍኩት፤ ለአበቦቹ ጣጣ እንደሚሆን ስለማውቅ።

የደባለቅሁት ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ የፍየል በጠጥ ነው። በጠጡ የከረመ መሆን አለበት። ትኩሱ ሥር ያቃጥላል። አመድ የሚጨምሩ አሉ። እዚህ አገር አመድ አልመክርም። አፈሩም ውሃውም ኖራ ጠግቦ ሳለ አመድ ደግሞ እሱኑ ያባብሳል።

ለሚቀጥለው ዙር የራሴን ብስባሽ ጀምሬያለሁ። የድሬን ያህል ለብስባሽ የሚሆን ነገር የሚጣልበት ከተማ ያለ አይመስለኝም። ከሰዓት በኋላ በየጥጉ ገራባው፣ ከጫት የሚተርፈው ቅጠልና እንጨት፣ ይከመራል። ፍየሎች የሚችሉትን ይበላሉ፣ የቀረው ይጠረጋል። መንገዳችን ጥግ ላይ ጫት የምትሸጠዋን ልጅ ገራባውን እንድታስቀምጥልኝ ጠየቅኋት።

«ለፍየል ነው?»

«አይ፣ አፈር ላደርገው ነው።»

«አቦ! እሱማ ምን ችግር አለው፤ ማታ ማታ መጥተሽ ውሰጂ።»

ለስላሳውን ቅጠል እንዳለ፣ እንጨት እንጨት የሚለውን በመጥረቢያ ከትክቼ ቀዳዳ ባለው ጆንያ ውስጥ እያነባበርኩት ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ትንሽ በጠጥ በመሃሉ ይገባል። ርጥበቱን በእጅ ነው የምለካው። ጭብጥ አድርጌ ስጨምቀው ጠብታ ካልወጣና እጄን ካራሰ ልክ ነው። በዚህ ሙቀት ቶሎ ይበስላል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ጫት ላይ ፀረ ተባይ የሚረጭ ገበሬ አለ። ስለዚህ የገራባ ብስባሽ ለአበባ ብቻ ነው። ናናና በሶብላ አያገኙትም።

ሚያዝያ መጀመሪያ፦ ተከላ

የበልጉ ዝናብ ጠብ ጠብ ብሏል፤ አየሩ ትንሽ ረገብ ብሏል። ጊዜው አሁን ነው።

ዚኒያውን በዘር፣ በተኙት ጀሪካኖች ውስጥ ዘራሁት። ዚኒያ መዛወር አይወድም፤ በሚያብብበት ዕቃ ላይ መዝራት ይሻላል። ግማሽ ጣት ጥፍር የሚያህል አፈር ማልበስ ይበቃዋል። ሙቀቱን ስለሚወድ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል። ፖርቱላካ ዘር አያስፈልጋትም። ከጎረቤት የተቆረጠች ጫፍ በርጥብ አፈር ላይ ከተሰካች ትይዛለች። ወፍራም ቅጠሏ ውሃ ስለሚያጠራቅም ጥልቀት በሌለው ሳፋ ላይ ተመችቷታል። ቪንካም ገብታለች፤ ነጭና ሮዝ።

ቦገንቪሊያውን ያገኘሁት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ነው። የጅቡቲን ባቡር የሠሩት ሰዎች ሰፈሩን ሲነድፉ በዛፍ ጥላ የተሸፈነ አድርገውት ነው የሄዱት። እስካሁንም አጥሩ ሁሉ ቦገንቪሊያ ነው። አንድ ግቢ ሲከረክሙ አገኘኋቸውና ሊጣል የተከመረውን ለመንኳቸው። ከእርሳስ የሚወፍረውን፣ ቅርፊቱ የጠነከረውን መረጥኩ። ስንዝር ስንዝር ቆርጬ፣ ቅጠሉን አራግፌ፣ የታችኛውን ጫፍ አግድመት ከፍዬ በአሸዋ ቀላል በሆነ አፈር ላይ ተከልኩት። ሥር ለማውጣት ከወር ተኩል በላይ ይወስድበታል። ቅጠል አወጣ ብሎ መጓጓት አይገባም። ግንዱ ውስጥ ባለው ስንቅ ብቻ ሊያቆጠቁጥ ይችላልና። ነቅነቅ ሲያደርጉት ካልተንቀሳቀሰ ነው ሥር ይዟል የሚባለው።

ብረት ድስቱን ለበረሃ ጽጌረዳ ሰጠሁት። አዴኒየም ነው ስሙ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ በራሱ የሚበቅል፣ ግንዱ ሥሩ ላይ ያበጠ፣ ሮዝ አበባ ያለው ተክል ነው። የገዛሁት ከዘር የበቀለ ችግኝ ነው። ከጫካ እየነቀሉ የሚያመጡ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አትግዟቸው። ለማደግ ብዙ ዓመት የፈጀ ግንድ ነው የሚነቅሉት። እዚህ ሜዳ ላይ ካለቀ የት ይገኛል? ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ መርዝ ነው። በአፍሪካ ብዙ ቦታ ለቀስት መርዝ ሲያገለግል ኖሯል። ልጆች በማይደርሱበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ከነካሁት በኋላም እጄን በሳሙና እታጠባለሁ።

ግንቦት

ሙቀቱ መጣ። በቀትር የወተት ጣሳ በእጅ አይያዝም። አፈሩን በጣት ስወጋው ከፀሐይ ወገን ያለው ጎን ትኩስ ነው፤ መሃሉ ለብ ብሏል። ግድግዳ ሥር ያለው ከሁሉም ይብሳል። ከላይ ፀሐይ፣ ከኋላ የጋለ ብሎኬት፣ ከሥር የጋለ ሲሚንቶ።

ሰው ይህን ጊዜ የሚያየው ቅጠሉን ነው። ጠወለገ ብሎ ውሃ ይጨምራል። በዕቃ ላይ ያለ ተክል ግን የሚጎዳው ከሥሩ ነው። መሬት ውስጥ ያለ ሥር በዙሪያው ቀዝቃዛ አፈር አለው። ጣሳ ውስጥ ያለው ሥር ብረቱን ተደግፎ ነው የሚያድገው። ብረቱ ሲግል ጫፉ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ሥር ደግሞ ውሃ ቢያገኝም አይጠጣም። ስለዚህ ዋናው ነገር ዕቃውን ማቀዝቀዝ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም ከወለሉ አነሳኋቸው። ሁለት ሁለት ብሎኬት ላይ የተጋደመ ጣውላ በቂ ነው። ነፋስ በሥራቸው ያልፋል፣ ቀዳዳቸውም ይተነፍሳል። ቀጥሎ ጣሳውንና ጀሪካኑን ከውጭ በኩል ነጭ ኖራ ቀባኋቸው። ነጭ ቀለም ፀሐይን ይመልሳል፤ ፕላስቲኩም ቶሎ እንዳይሰባበር ይረዳል። ጀሪካን ፀሐይ እያየ ከከረመ ደርቆ በጣት ሲጫኑት ይፈረካከሳልና። ኖራው ወደ አፈሩ እንዳይገባ ከአፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብዬ ነው የቀባሁት።

ከሁሉም የወደድኩት ዘዴ ግን ዕቃ በዕቃ ነው። የተከልኩበትን ጣሳ የቀለም ባልዲ ውስጥ አስገባሁት። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት በአሸዋ ሞላሁት። አሸዋውን ጠዋት ጠዋት ረጠብ አደርገዋለሁ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእማማ ገንቦ ውሃ ያቀዘቅዝ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው፤ በሸክላው እየሰረገ ሲተን። ባልዲውም በእርግጥ ቀዳዳ አለው። ሕጉ ሕግ ነው።

የአፈሩን ፊት በኦቾሎኒ ቅርፊት ሸፈንኩት። የባቢሌ ኦቾሎኒ ድሬ ላይ ሞልቷል፤ ቆሎ ሻጮቹ ቅርፊቱን በነፃ ይሰጣሉ። ሁለት ጣት ውፍረት ከሆነ ውሃው በቀን ውስጥ አይደርቅም። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ደግሞ የጆንያ ጥላ ይዘረጋል። ዚኒያና ፖርቱላካ ጥላውን አይፈልጉትም፤ ለቪንካና ለናናው ነው።

ውሃ የማጠጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ውሃው የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ነው። በረኪና የነካው፣ ፓስታ በጨው የተቀቀለበት አይሆንም። ለትልልቆቹ ዕቃዎች ሃይላንድ ደፍቼባቸዋለሁ። ክዳኑ ላይ በመርፌ ቀዳዳ ተበስቶ፣ አንገቱ አፈር ውስጥ ተቀብሮ፣ ቂጡ ተቆርጦ። ጠብ ጠብ እያለ ሥሩን ያጠጣል። የተቆረጠው ቂጥ ራሱ እንደ ክዳን ተገልብጦ ይደፋበታል፤ ትንኝ እንዳትገባ።

ሰኔ

የመጀመሪያው ዚኒያ ፈነዳ! ቀይ ነው። ቀጥሎ ብርቱካናማው። አራተኛው ጥንድ ቅጠል ላይ ሲደርስ ጫፉን ቀጥፌው ስለነበር አንዱ ግንድ አራት ሆኖ ነው የወጣው። ቢራቢሮ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ሲሚንቶ ግቢ ውስጥ ቢራቢሮ። እማማ ወንበራቸውን አውጥተው አጠገቡ ቡና ማፍላት ጀምረዋል።

ቪንካዋ ግን ታመመች። አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ናቸው። ቅጠሏን አንስቼ ወደ ብርሃን ሳደርጋት ሥጋው ገርጥቷል፤ ደም ሥሮቹ ግን አንድ በአንድ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። አሮጌዎቹ የታች ቅጠሎች ደህና ናቸው። ይህ ምልክት ግልጽ ነው። ናይትሮጅን ቢያንስ ኖሮ ቢጫው ከታች ከአሮጌው ይጀምር ነበር። ከላይ ከአዲሱ የሚጀምርና ደም ሥሩን የሚተው ከሆነ የብረት እጥረት ነው። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ። ኖራ በበዛበት አፈርና ውሃ ግን ይታሰርና ሥሩ ሊወስደው አይችልም።

ዝገት ያለው ሚስማር ቅበሪበት የሚል ምክር ሰማሁ። እሱ አይሠራም። የተጨመረውም ብረት ያው ይታሰራል። የቡና አተላም መድኃኒቱ ነው ይላሉ። የተጠጣ ቡና አተላ አብዛኛውን አሲድ ጀበናው ውስጥ ጥሎ ስለሚወጣ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም፤ ለብስባሽ ግን ጥሩ ነው። እኔ የማደርገው በአራት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሬ አልፎ አልፎ ማጠጣት ነው። ዋናው መፍትሔ ግን የዝናብ ውሃ ነው፤ ኖራ የለበትም። ክረምቱን እየጠበቅሁ ነው።

ሌላም እንግዳ መጥቷል። የዚኒያው ቅጠል በነጠብጣብ ግርጥት ብሏል። ነጭ ወረቀት ሥሩ ይዤ ቅጠሉን መታ መታ ሳደርግ ትንንሽ ነጥቦች ወደቁ። ከዚያ መሄድ ጀመሩ። ቀይ ሸረሪት የምትባለው ደቃቃ ተባይ ናት። ደረቅና ሞቃት አየር ስትወድ! የቅጠሉን ሆድ በውሃ መንፊያ አጠብኩ። ማታ ኒም ረጨሁ። ድሬ ላይ ኒም ፍለጋ የሚደክም ሰው የለም፤ መንገዱ ሁሉ ኒም ነው። የፍሬው አስኳል ከቅጠሉ ይበረታል። ሃምሳ ግራም አስኳል ተወቅጦ በአንድ ሊትር ውሃ ይታደራል፣ ይጠለላል፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይገባበታል። ፀሐይ ስለምታጠፋው ከመሸ በኋላ ነው የሚረጨው። በማግሥቱ አይገድልም። እያደር መብላትና መራባት ያስተዋቸዋል፤ በሳምንት መድገም ያስፈልጋል።

ሐምሌ

ዝናቡ ገባ። ለአበቦቹ ድግስ ነው። በአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀመጥኩ። አፉን በአሮጌ አጎበር ሁለት ጊዜ አጥፌ ሸፈንኩት፤ ዙሪያውን ከብስክሌት ካላማዳሪያ በተቆረጠ ጎማ አሰርኩት። ውሃው በጨርቁ ያልፋል፣ ቢምቢ አታልፍም። ጨርቁ መሃሉ ላይ ረግቦ ውሃውን እንዳይነካ መወጠር አለበት፤ ከነካ በላዩ እንቁላል ትጥልበታለች።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ግቢውን እዞራለሁ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ለመድረስ ሳምንት ያህል ይበቃታል። በሳምንት አንዴ ውሃው ከተደፋ አንዷም አታድግም። መድፋት ብቻ ግን አይበቃም። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። ውሃው ቢደርቅ እንቁላሉ ለወራት ሳይሞት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ ባልዲና በርሜል ሲጠረግ ግድግዳው በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። አበባ ሥር ሳህን ማድረግ ግድ ከሆነ ሳህኑን በአሸዋ መሙላት ነው።

ዛሬ ጎረቤት ግቢ የተጋደመ የመኪና ጎማ አብረን አየን። በስልክ መብራት ውስጡን ሳበራ ጥቋቁር ክር የመሰሉ እጮች ናቸው። ብርሃኑ ሲያርፍባቸው ተጠማዘው ወደ ታች ሰመጡ፤ ቆይተው ትንፋሽ ለመሳብ አንገታቸውን ሳይሆን ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ተመለሱ። የቤቱ እናት አይታ «ይሄ ነው ልጆቼን ያስተኛው?» አለች። ውሃውን ሲሚንቶው ላይ ደፋነው፤ ፀሐይ ጨረሰችው። ጎማውን በላይም በታችም በስተን አሸዋ ሞላንበት። እኛ የአበባ ሥራ የምንሠራ ሰዎች ይህን ለጎረቤት ማሳየት አለብን ብዬ አምናለሁ። በ2014 ዓ.ም. ድሬ ላይ ወባ ሲበዛ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝም ከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ዕቃ የምትራባ ናት። ቢምቢ ሊራባበት ይችል የነበረን ጣሳ ቀዳዳ አበጅቶ ዚኒያ መትከል ትንሽ ነገር አይደለም።

ፍየልም ገብታ ነበር። የውሃ ጋሪ ሲገባ በሩ ተከፍቶ ቀረ። ቦገንቪሊያው ላይ ያሉትን ለጋ ቅጠሎች ለቅማ ወጣች። አዴኒየሙን ግን አልነካችም። አሁን ትልልቆቹ ፊት የሽቦ ወንፊት ቆሟል፤ የዘይት ጀሪካኖቹም ከፍ ብለው ተሰቅለዋል።

ነሐሴ መጨረሻ

ቪንካዋ ተመለሰች። በዝናብ ውሃ ብቻ እየጠጣች ያወጣቻቸው አዲስ ቅጠሎች ሙሉ አረንጓዴ ናቸው። ቢጫዎቹ አልዳኑም፤ ቀጠፍኳቸው።

ቦገንቪሊያው ሥር ይዟል። ከተከልኳቸው ግማሽ ያህሉ ጸድቀዋል፤ ለዚህ ተክል ጥሩ ነው። አንዱ ገና በልጅነቱ አብቧል። ሐምራዊው አበባ የሚመስለው በእርግጥ ቀለም የያዘ ቅጠል ነው። እውነተኛዋ አበባ መሃሉ ላይ ያለችው፣ ከክብሪት ጫፍ የማትበልጠው ነጭ ናት። ማበቡን እንዲቀጥል ከተፈለገ ዕቃው ጠበብ ማለት፣ ውሃውም ቆጠብ ማለት አለበት። ጠግቦ ከጠጣ ቅጠል ብቻ ነው የሚያወጣው። ለድሬ ሰው የተፈጠረ ተክል ነው።

እርጥበቱ ዚኒያው ላይ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ አምጥቷል። የተጠጋጋውን አሳሳሁ፣ ነጩ የያዘውን ቅጠል አወጣሁ። ከዚህ በላይ አልታገለውም፤ ዕድሜውም እየጨረሰ ነው።

መስከረም

የዕቃዎቹ ውጤት ይህ ነው። ሃያ ሊትሩ ጀሪካን አንደኛ ነው። ሰፊ ነው፣ ኖራ ከተቀባ ሙቀቱን ይችላል። የዘይት ጀሪካን ለፖርቱላካና ለናና ጥሩ ነው። ሳፋው ስንጥቁ ሰፋ፤ በሽቦ ሰፍቼዋለሁ። የወተት ጣሳዎቹ ቂጣቸው ዝጎ ሊወድቅ ደርሷል። ለአንድ ወቅት አበባ ይሆናሉ፤ ለብዙ ዓመት ተክል አይሆኑም። የዕቃ በዕቃው ዘዴ ባልዲውን ስለሚፈጅ ለታማሚዎቹ ብቻ አቆየዋለሁ። ገንቦው ከሁሉም ይበልጣል። ሸክላው ይተነፍሳል፤ ቂጡን በመሰርሰሪያ ከውሃ ጋር ቀስ ብሎ መብሳት ስለሚቻል አይሰነጠቅም። አሁን ለአዴኒየሙ ታጭቷል። ዝናቡ ጨርሶ አፈሩ ሲደርቅ ይዛወራል።

የዚኒያ ዘር እየለቀምኩ ነው። ራሱ ቡናማ ሆኖ ሲንኮሻኮሽ ይቆረጣል። እያንዳንዱ የደረቀ ቅጠለ አበባ ሥሩ ላይ ጦር የመሰለች ዘር ይዟል፤ ሲጎትቱት አብራ ትወጣለች። በጋዜጣ ላይ ጥላ ውስጥ ደርቆ በወረቀት ይታሸጋል። በፌስታል ከታሸገ ይሻግታል። ለጫት ሻጯ ልጅ አንድ ጥቅልል አስቀምጫለሁ። የወተት ጣሳ አለኝ ብላለች። ቀዳዳውን እኔ እበሳላታለሁ።

የገራባው ብስባሽም ጠቁሮ የመሬት ሽታ ይዟል። ቅዳሜ ከዙሩ በኋላ ተነፍቶ ቀጣዮቹ ጀሪካኖች ውስጥ ይገባል፤ ማሪጎልድ ልዘራባቸው ነው።